ማጣሪያ ወይስ ማጠቃለያ? የስታንሊ ዋንጫ ታሪክና የአንድ ስያሜ ጣጣ

ከባዕድ ቋንቋ የሚመጣ ሙያዊ ቃል በተርጓሚው ላይ ሁለት ዓይነት ችግር ያስከትላል። አንደኛው በአማርኛ አቻ ሲታጣለት የሚፈጠረው ነው። ይህ ግልጽ ችግር ስለ ሆነ ተርጓሚው ያውቀዋል፤ መፍትሔም ይፈልግለታል። ሁለተኛው ግን አቻ የመሰለ ቃል በቀላሉ ሲገኝለት የሚፈጠረው ነው። ይህኛው ስውር ነው። ቃሉ ለአንደበት ቅርብ በመሆኑ ማንም አይጠረጥረውም፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ ከተጻፈና አንባቢው ነገሩን ተገላቢጦሽ ከተረዳ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ፕሌይኦፍ» የተባለው የስፖርት ቃል የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ነው።

በእግር ኳስ ዘገባ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የሚደረገው «ፕሌይኦፍ» በአማርኛ «ማጣሪያ» ቢባል ተገቢ ነው፤ ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ተሳታፊውን ከማይሳተፈው የሚለይ ነውና። ይኸው ልማድ ግን ሳይመረመር ወደ ሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሲሻገር ትርጕሙን ይገለብጠዋል። በዚያ «ፕሌይኦፍ» የሚባለው የዓመቱ መደበኛ ውድድር ካለቀ በኋላ የሚካሄደውና የስታንሊ ዋንጫ ባለቤት የሚለይበት ትልቁ ውድድር ነው። የማጣሪያን ሥራ የሚሠራው ቀድሞት ያለፈው ረጅሙ መደበኛ ውድድር ነው። ስለዚህ «ማጣሪያ» ብለን ስንተረጕም ጭራውን ራስ፣ ራሱን ጭራ እናደርገዋለን።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የዋንጫውን ታሪክ መከተል ያስፈልጋል። ሥርዓቱ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ ባለው ዕድሜው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ባሕርዩን ለውጧል፤ የዋንጫው ስም ግን አልተለወጠም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

1. ስለ ጨዋታውና ስለ ዋንጫው ስም

የበረዶ ሆኪ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በአንድ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጫፉ በታጠፈ ዱላ የሚመቱት ኳስ ሳይሆን ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ሲሆን፣ ስሙም «ፓክ» ይባላል። ጨዋታው እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ በሆኑ ሦስት ክፍለ ጊዜያት ይከፈላል።

በቆልማማ ዱላ ሩር የሚመታበት የገና ጨዋታ በአገራችን ስላለ፣ ሆኪን «የበረዶ ገና» ብሎ ለመሰየም መታሰቡ አይቀርም። ንጽጽሩ ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ለስያሜ ግን አይበቃም። «ገና» የጨዋታውም፣ የዱላውም፣ የበዓሉም ስም ነው። በሦስት ትርጕም የተጫነ ቃል ላይ አራተኛ መጨመር አንባቢን ማወክ ይሆናል። ስለዚህ «ሆኪ» በውሰት እንዳለ ቢቀር ይሻላል ብለን እናምናለን።

ስለ «ዋንጫ» ግን ክርክር አያሻም። ዋንጫ በአማርኛ አስቀድሞ ከቀንድ የሚሠራ የመጠጫ ዕቃ ነበር፤ የድል ሽልማትን የሚያመለክተው ትርጕም ኋላ የመጣ ነው። የስታንሊ ዋንጫም ሲጀመር ከብር የተሠራ ጎድጓዳ ሳሕን ነበር፤ አሸናፊዎችም እስከ ዛሬ በእርሱ ይጠጡበታል። የሁለቱ ቃላት የትርጕም ጕዞ መመሳሰሉ ለተርጓሚ መልካም አጋጣሚ ነው።

2. የመገዳደሪያው ዘመን፣ ከ1893 እስከ 1914

በ1892 የካናዳ ጠቅላይ አገረ ገዥ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ የአገሪቱ ምርጥ የሆኪ ቡድን በየዓመቱ የሚይዘው ዋንጫ ለማበርከት መወሰናቸውን በኦታዋ በተደረገ የራት ግብዣ ላይ በተነበበ ደብዳቤ አስታወቁ። ዋንጫው በለንደን ተገዛ፤ ዋጋውም አሥር ጊኒ ነበር። ሎርድ ስታንሊ ግን በ1893 ወደ እንግሊዝ ስለ ተመለሱ በስማቸው ለተጠራው ዋንጫ የተደረገ አንድም ግጥሚያ ሳያዩ ቀሩ።

ዋንጫው መጀመሪያ የነበረው ስም «የዶሚኒዮን ሆኪ የመገዳደሪያ ዋንጫ» ነበር። ለቃላት ተመራማሪ ዋናው ፍሬ ነገር ያለው «መገዳደሪያ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ዋንጫው የማንም ቡድን የግል ንብረት እንዳይሆን ለሁለት ባለአደራዎች ተሰጠ። ዋንጫውን የያዘ ቡድን ባለ ዋንጫ ነው፤ የሌላ ሊግ አሸናፊ ደግሞ ተገዳዳሪ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ግጥሚያው ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውን የሚወስኑት ባለአደራዎቹ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ዘመን በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ የዋንጫ ግጥሚያ ሊኖር ይችላል፤ ያለ ምንም የዋንጫ ግጥሚያ ባለ ዋንጫ መሆንም ይቻላል። የመጀመሪያው ባለ ዋንጫ የሆነው የሞንትሪያል ሆኪ ክለብ በ1893 ዋንጫውን የተቀበለው የሊጉ መሪ ሆኖ በመጨረሱ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1894 የሊጉ አምስት ቡድኖች ሲጨርሱ አራቱ እኩል ሆኑ። እኩልነቱን ለማፍረስ ተጨማሪ ግጥሚያ አስፈለገ፤ መጋቢት 22 ቀን የሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ኦታዋን 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አቆየ። «ፕሌይኦፍ» በመሠረቱ እኩል የሆኑትን በጨዋታ መለየት ማለት ነው። ስለዚህ ለ1894ቱ ግጥሚያ ትክክለኛው አማርኛ «መለያ ጨዋታ» ነው። ኋላ ቃሉ ከዚህ ትርጕም ምን ያህል እንደ ራቀ የምንለካውም ከዚህ ነጥብ ተነሥተን ነው።

የመገዳደሪያው ሥርዓት ለዘመናችን አንባቢ ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ የ1895ቱ ሁኔታ ያስረዳል። በዚያ ዓመት ሊጉን ያሸነፈው ቪክቶሪያስ የተባለው ሌላው የሞንትሪያል ቡድን ነበር። ነገር ግን ባለአደራዎቹ የክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያለፈውን ዓመት ባለ ዋንጫ የሞንትሪያል ሆኪ ክለብን እንዲገጥም አስቀድመው ፈቅደው ነበር። በመሆኑም የሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ካሸነፈ ዋንጫው ለቪክቶሪያስ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሆኪ ክለቡ 5 ለ 1 አሸነፈ፤ ዋንጫውን ግን በዚያ ግጥሚያ ያልተሰለፈው ቪክቶሪያስ ወሰደ። ይህን ግጥሚያ «የፍጻሜ ጨዋታ» ብሎ የሚተረጕም ሰው አሸናፊው ለምን ዋንጫውን እንዳጣ ለአንባቢው ማስረዳት አይችልም። «የመገዳደሪያ ግጥሚያ» ካለ ግን ነገሩ በራሱ ይገለጣል።

በ1905 ከዩኮን ምድር ከዳውሰን ከተማ የተነሣው ቡድን የዚህን ሥርዓት መንፈስ በይበልጥ ያሳያል። ተጫዋቾቹ ከፊሉን መንገድ በእግርና ውሾች በሚስቡት ጋሪ፣ የቀረውን በመርከብና በባቡር ተጕዘው፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጅቶባቸውና ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው ኦታዋ ደረሱ። በመጀመሪያው ግጥሚያ 9 ለ 2፣ በሁለተኛው 23 ለ 2 ተሸነፉ፤ በሁለተኛው ቀን የኦታዋው ፍራንክ ማጊ ብቻውን 14 ግብ አገባ። እነዚህ ሰዎች ማጣሪያ አልፈው የመጡ አልነበሩም፤ «እንገጥማችኋለን» ብለው የመጡ ተገዳዳሪዎች ነበሩ። በ1907 ደግሞ ኬኖራ የተባለች ትንሽ ከተማ ቡድን ባለ ዋንጫውን ረትቶ ዋንጫውን ለመውሰድ በቅቷል።

3. የሊግ ለሊግ ፍጻሜ፣ ከ1915 እስከ 1926

ተጫዋቾች በደመወዝ መጫወት ሲጀምሩ የመገዳደር ሥርዓት እየጠበበ ሄደ። በ1911 ሌስተርና ፍራንክ ፓትሪክ የተባሉት ወንድማማቾች በምዕራብ ካናዳ የፓሲፊክ ጠረፍ ሊግን አቋቋሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የምሥራቁና የምዕራቡ ሊጎች አሸናፊዎች በየዓመቱ እንዲጋጠሙ ስምምነት ተደረገ። በዚህም ተገዳዳሪ የሚለው ሐሳብ ቀርቶ ሁለት እኩዮች የሚገናኙበት ዓመታዊ ፍጻሜ ተተካ። የምዕራቡ ሕግ ሰባት ተጫዋቾችን፣ የምሥራቁ ስድስት ያሰልፍ ስለ ነበር፣ በአንዱ ቀን በአንደኛው፣ በሌላው ቀን በሌላኛው ሕግ ይጫወቱ ነበር። በ1917 የሲያትል ቡድን ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው የአሜሪካ ቡድን ሆነ።

ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ኅዳር 1917 በሞንትሪያል ተመሠረተ። በመጀመሪያው ዓመት ውድድሩን ለሁለት ከፍሎ የአንደኛውን አጋማሽ መሪ ከሁለተኛው አጋማሽ መሪ ጋር አጋጠመ። ቶሮንቶ በሁለት ጨዋታ ድምር 10 ለ 7 አሸነፈ፤ ይህ ግን ሊጉን አስያዘው እንጂ ዋንጫውን አላስያዘውም፤ ለዋንጫው ቫንኩቨርን መግጠም ነበረበት። በዚያው ዓመት የምዕራቡ ሊግም አንደኛውንና ሁለተኛውን ቡድን ማጋጠም ጀመረ። የቃሉ ትርጕም የዞረው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ እኩል የሆኑትን መለያ የነበረው ፕሌይኦፍ፣ ከእንግዲህ እኩል ያልሆኑትም የሚገናኙበት ሆነ። አንደኛ የወጣው ከሁለተኛው ጋር እንደገና ከተጫወተ የቀደመው አንደኝነቱ መብት መሆኑ ቀርቶ መግቢያ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ዘመን ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ዓመት አለ። በ1919 የሞንትሪያል ካናዲየንስና የሲያትል ሜትሮፖሊታንስ በአምስት ጨዋታ ሁለት ሁለት አሸንፈው፣ በአንዱ እኩል ወጥተው ነበር። ወሳኙ ጨዋታ ከመደረጉ በፊት የዘመኑ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ብዙ ተጫዋቾችን ስለ ጣለ ግጥሚያው ቆመ። የሞንትሪያሉ ጆ ሆል ሚያዝያ 5 ቀን በሲያትል ሞተ። በኋላም የሁለቱ ቡድኖች ስም ግጥሚያው አለመፈጸሙን ከሚገልጽ ቃል ጋር በዋንጫው ላይ ተቀረጸ።

4. የአንድ ሊግ ማጠቃለያ፣ ከ1927 ወዲህ

በ1925 የቪክቶሪያ ቡድን ዋንጫውን ሲወስድ፣ ከብሔራዊ የሆኪ ሊግ ውጭ ያለ ቡድን ዋንጫ የያዘበት የመጨረሻው ዓመት ሆነ። የምዕራቡ ሊግ በ1926 ፈረሰ። ከ1927 ጀምሮ ለዋንጫው የሚጫወቱት የብሔራዊው ሊግ ቡድኖች ብቻ ሆኑ፤ በ1947 ደግሞ ባለአደራዎቹ የዋንጫውን ሥልጣን በስምምነት ለሊጉ አስተላለፉ። «መገዳደሪያ» የተባለው ዋንጫ ከሊጉ ውጭ ተገዳዳሪ የሌለው ሆነ።

የአጨዋወቱም ሥርዓት ተለወጠ። ቀድሞ በአንዳንድ ዙር የሁለት ጨዋታ ግብ ተደምሮ አሸናፊው ይለይ ነበር፤ ይህም እኛ በእግር ኳስ «ደርሶ መልስ» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ይህ ቀረ። ከ1939 ወዲህ የፍጻሜው ግጥሚያ ቢበዛ ሰባት ጨዋታ ሆኖ አራት ጊዜ የቀደመ የሚያሸንፍበት ሆነ። በ1942 ቶሮንቶ በዲትሮይት ተከታታይ ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ አራቱን አከታትሎ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አንድ ቀን የተሸነፈ በማይወድቅበት በዚህ ሥርዓት «ጥሎ ማለፍ» የሚለው ቃላችን ብቻውን አሳሳች ነው። መጣልና ማለፍ አለ፤ የሚጣለው ግን በአራት ሽንፈት እንጂ በአንድ አይደለም።

ከ1942 እስከ 1967 ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው፤ አራቱ ወደ ማጠቃለያው ይገቡ ነበር። ዋንጫ ለመውሰድ ስምንት ድል ይበቃ ነበርና፣ በ1952 በዲትሮይት ዓሣ ነጋዴዎች የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ስምንት ክንድ ያለውን የባሕር እንስሳ፣ ኦክቶፐስን፣ ወደ በረዶው ወረወሩ። ዲትሮይት በዚያ ዓመት ስምንቱንም ጨዋታ ያለ አንድ ሽንፈት ጨረሰ፤ ልማዱም ጸና። ሊጉ በ1967 ወደ አሥራ ሁለት ቡድን አደገ። በ1980 ከሃያ አንዱ ቡድኖች አሥራ ስድስቱ ወደ ማጠቃለያው ገቡ፤ እያንዳንዱ ቡድን ሰማንያ ጨዋታ ተጫውቶ የተጣሩት አምስት ብቻ ነበሩ። ከ1987 ጀምሮ አራቱም ዙሮች የአራት ድል ግጥሚያ ስለ ሆኑ ለዋንጫው አሥራ ስድስት ድል አስፈለገ። ዛሬ ከሠላሳ ሁለት ቡድኖች አሥራ ስድስቱ ይገባሉ።

የሁለቱን ውድድሮች ልዩነት ከማንኛውም ትንታኔ በላይ የሚያሳዩት ሁለት ዓመታት ናቸው። በ2018–19 ታምፓ ቤይ በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ አሸንፎ አንደኛ ወጣ፤ በማጠቃለያው የመጀመሪያ ዙር ግን በኮሎምበስ 4 ለ 0 ተረትቶ ወጣ። በ2022–23 ቦስተን 65 ጨዋታ አሸነፈ፤ እርሱም በመጀመሪያው ዙር በሰባተኛው ጨዋታ በፍሎሪዳ ተሸነፈ። «ሻምፒዮኑ በማጣሪያ ወደቀ» ተብሎ ቢጻፍ ሁለት ስሕተት ይሠራል፤ አንደኛ፣ ቡድኑ ሻምፒዮን አልነበረም፤ ሁለተኛ፣ የወደቀው ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ ነው።

5. የቀረ ቃል ሲመለስ

በ2004–05 በሊጉ ባለቤቶችና በተጫዋቾች መካከል በተነሣው የደመወዝ ክርክር መላው ውድድር ቀረ፤ ዋንጫውም ሳይሰጥ ዓመቱ አለፈ። በዚህ ጊዜ ለደስታቸው የሚጫወቱ አንዳንድ ካናዳውያን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ክርክራቸው በአጭሩ፣ ዋንጫው ለመገዳደሪያ የተሰጠ አደራ ነው እንጂ የአንድ ሊግ ንብረት አይደለም የሚል ነበር። ጉዳዩ በ2006 በስምምነት ሲያበቃ፣ ሊጉ ውድድሩን በማያካሂድበት ዓመት ባለአደራዎቹ ዋንጫውን ከሊጉ ውጭ ላለ ቡድን ለመስጠት እንደሚችሉ ታወቀ። ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል እንደ ሞተ የተቆጠረው «መገዳደሪያ» የሚለው ቃል በሕግ ፊት ገና ሕያው ሆኖ ተገኘ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ጊዜው ያለፈበትን ፍቺ ከመሰረዝ ይልቅ «ጥንታዊ» ብለው ምልክት የሚያደርጉበት ምክንያት ይህን በመሰለ አጋጣሚ ይረጋገጣል።

እዚህም ላይ አንድ የአማርኛ ጥንቃቄ አለ። 1919ና 2005 ሁለቱም ዋንጫ ያልተሰጠባቸው ዓመታት ስለ ሆኑ «ተሰረዘ» በሚል አንድ ቃል ማለፍ ይቀናል። ነገር ግን የ1919ኙ ተጀምሮ ያልተፈጸመ፣ የ2005ቱ ከነጭራሹ ያልተካሄደ ነው። አንደኛውን ያስቆመው ደዌ፣ ሁለተኛውን ያስቀረው የገንዘብ ክርክር ነው። በዋንጫው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ራሱ ልዩነቱን ይጠብቃል፤ ትርጕማችንም ሊጠብቀው ይገባል።

6. የስያሜ ሐሳብ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ከ1893 እስከ 1914 ላለው ዘመን፦ «የመገዳደሪያ ግጥሚያ»፤ ተሳታፊዎቹም «ባለ ዋንጫ»ና «ተገዳዳሪ»። እንደ 1894 እኩልነትን ለማፍረስ ለተደረገው፦ «መለያ ጨዋታ»።

ከ1915 እስከ 1926 ላለው፦ «የሊግ ለሊግ ፍጻሜ»።

ከ1927 ወዲህ ላለው፦ «የማጠቃለያ ውድድር»፤ ቀድሞት ለሚካሄደው «መደበኛ ውድድር»። «ማጠቃለያ» የምንለው ዓመቱን የሚዘጋ መሆኑንና የቀደመውን የሚደመድም መሆኑን በአንድነት ስለሚይዝልን ነው። ጉድለቱንም አንሰውርም፤ ማጠቃለያ ሲባል አጭር ነገር ሊመስል ይችላል፤ ይህ ውድድር ግን ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ቢሆንም የርዝመት ጉድለት ከአቅጣጫ ስሕተት ይቀላል።

ለአጋጠሙ ስልት፦ «የአራት ድል ግጥሚያ»፤ ደረጃዎቹን ግን በለመድነው «ሩብ ፍጻሜ»፣ «ግማሽ ፍጻሜ»ና «ፍጻሜ» መጥራት ያስኬዳል።

በመጨረሻም በማጠቃለያው እኩል የሆነ ጨዋታ በ«መለያ ምት» አይለይም። ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ ግብ እስኪገባ ይቀጥላል። በ1936 ዲትሮይት የሞንትሪያል ማሩንስን 1 ለ 0 ያሸነፈው በስድስተኛው ጭማሪ ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ የተጨመረው ጊዜ ብቻ 116 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሆኖ ነበር። እንግሊዝኛው ለዚህ ሥርዓት የሚጠቀምበትን ስም ቃል በቃል «ድንገተኛ ሞት» ማለት የሐኪም ቃል ያስመስለዋል፤ «ያገባ ያሸንፍ» ብንለው ግን ሕጉን በሁለት ቃል እንጨርሰዋለን።

አንድ ቃል በመጣበት አገር ሦስት ጊዜ ትርጕሙን ከለወጠ ከእኛ ዘንድ አንድ አቻ ብቻ እንዲኖረው መጠበቅ የለብንም። ተርጓሚው «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ነገር በዚያ ዓመት ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ብዙውን ጊዜ በቋንቋው ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ተገዳዳሪ፣ ባለአደራ፣ መለያ፣ ማጠቃለያ፣ እነዚህን ቃላት እኛ አልፈጠርናቸውም፤ ነበሩ። የቀረን እያንዳንዱን በቦታው ማኖር ብቻ ነው።